አዲሱ መጋዝ ለምን ወደ ፋብሪካው ይጠራል?

አንድ ፋብሪካ ዓመታት የደከመበትን አዲስ የባለሙያ ሞተር መጋዝ ገበያ ላይ ያወጣል። ማስታወቂያው ይደምቃል። ከቀድሞው ቀሏል፣ ጉልበቱ ጨምሯል፣ ነዳጅም ይቆጥባል ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ያው ፋብሪካ ሌላ መግለጫ ይዞ ብቅ ይላል። መጋዙን አቁሙ፣ ከእንግዲህ አታስነሱት፣ ወደ ሻጩ መልሱት። ገንዘቡን ቆጥሮ የከፈለ ሰው እዚህ ላይ ቢበሽቅ አይፈረድበትም። «ሲሸጡልኝ አያውቁም ነበር?» ማለቱም አይቀርም።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «አዎ፣ አያውቁም ነበር» ነው። ለምን ሊያውቁ እንዳልቻሉ፣ ካወቁ በኋላ ምን ግዴታ እንደሚወድቅባቸው፣ ጥሪው ከወጣ በኋላም መጋዙ ለምን ሰው እጅ ላይ እንደሚቀር ልንገራችሁ። የመጨረሻው ነገር በተለይ ለእኛ ቅርብ ነው።

መጀመሪያ ጥሪ ማለት ምን እንደሆነ ባጭሩ። አምራቹ የሸጠው ዕቃ ሰው ሊጎዳ የሚችል ጉድለት እንዳለበት ሲደርስበት፣ በራሱ ወጪ ሊጠግነው፣ ሊቀይረው ወይም ገንዘቡን ሊመልስ በአደባባይ ይናገራል። አገር ቤት ብዙዎቻችን ይህን የምናውቀው ከምግብና ከመድኃኒት ጋር ነው። «ይህ የምግብ ዘይት ከገበያ ይሰብሰብ» ሲባል ሰምተናል። ማሽን ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ዘይት ያልቃል ወይም ይደፋል። በደንብ የተያዘ የባለሙያ መጋዝ ግን ዓመታት ይሠራል፤ በዚያ መሃል ሁለት ሦስት ባለቤት ሊቀያይር ይችላል።

ከጋራንቲ ጋር እንዳይምታታ። ጋራንቲ ጊዜ አለው፣ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ የመጀመሪያውን ገዢ ነው የሚያውቀው። የደኅንነት ጥሪ ግን በአብዛኛው ዕቃውን ተከትሎ ይሄዳል። መጋዙ ዛሬ በማን እጅ ነው? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ከአንዱ የአገራችን አዋጅ በቀር፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትንሽ ዕቃ፣ ትልቅ ጣጣ

የሰንሰለት መጋዝ፣ ሠራተኛው ቼይንሶ የሚለው፣ ከእጅ መሣሪያዎች ሁሉ ይቅርታ የማያውቅ ነው። የባለሙያ መጋዝ ሞተር ባዶውን ሲጮኽ በደቂቃ ከ13,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ይህ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የሠራተኛው እጅ ከዚያ ሰንሰለት የሚርቀው ጥቂት ነው።

ዋናው አደጋ መጋዙ ወደ ሰውየው ሲወረወር የሚመጣው ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ባር ይሉታል። የባሩ ጫፍ የላይኛው ክፍል ድንገት እንጨት ከነካ ሰንሰለቱ ይነክሳል፣ ግን መቁረጥ አይችልም። የሞተሩ ጉልበት መሄጃ ሲያጣ ባሩን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ወደ ፊትና ወደ አንገት ማለት ነው። ሰውየው ዓይኑን እስኪጨፍን እንኳ ጊዜ የለም።

ለዚህ የተሠራው የሰንሰለት ፍሬን ነው። ከፊተኛው መያዣ ፊት ለፊት ያለው የእጅ መከላከያ ወደ ፊት ሲገፋ አንድ ስፕሪንግ ይለቀቃል። የብረት ቀበቶም የፍሪሲዮኑን ከበሮ ጨብጦ ይይዛል። ሰንሰለቱ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ይቆማል። በዘመናዊዎቹ መጋዞች እጅ ባይነካውም መጋዙ ሲወረወር በራሱ ግፊት ይሠራል። ሁስቅቫርና የተባለው መጋዝ አምራች ይህን ዓይነቱን በራሱ የሚሠራ ፍሬን ያስተዋወቀው በ1973 ነው። ዛሬ በአሜሪካ የደን ሥራ ደንብ፣ ከየካቲት 9 ቀን 1995 በኋላ ሥራ ላይ የዋለ መጋዝ ሁሉ የሰንሰለት ፍሬን እንዲኖረው ግዴታ ነው።

እንግዲህ የአንድ ሰው አንገት የተንጠለጠለው በአንድ ስፕሪንግና በአንድ ቀጭን ቀበቶ ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱ በትንሹ ከተዛባ መጋዙ እንደ ወትሮው ይነሣል፣ እንደ ወትሮው ይቆርጣል፣ ድምፁም ያው ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው ፍሬኑ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ብቻ ነው። መጋዝ ላይ የሚወጡ ጥሪዎች እንዲህ የሚያስጨንቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ አልነሣ ያለ መጋዝ ማንንም አይጎዳም፤ የሚያስፈራው ደህና የሚመስለው ነው።

በ2025 አሜሪካ ውስጥ ሚልዋኪ የተባለው የመሣሪያ አምራች ዛፍ ላይ ወጥተው ለሚቆርጡ ባለሙያዎች የሠራውን፣ መያዣው ከላይ የሆነ የባትሪ መጋዝ ጠርቷል። ብዛቱ ወደ 90 ሺህ ይደርሳል። ችግሩ ከላይ ያልነው ነው። የእጅ መከላከያው ሲገፋ ፍሬኑ ላይሠራ ይችላል። ሞተሩም ባትሪውም ደህና ናቸው፤ የተጠራው በዚያች ክፍል ምክንያት ነው። እንዲህ ዓይነቱን መጋዝ የሚይዘው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በገመድ ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው። እግሩ መሬት ላይ ያለ ሰው መጋዙን ጥሎ ይሸሻል፤ እሱ ወዴት ይሸሻል?

ሁሉም ጥሪ በፍሬን አይመጣም። በ2011 ሽቲል የተባለው የመሣሪያ አምራች በአሜሪካ ወደ 2.3 ሚሊዮን የሚጠጉ በነዳጅ የሚሠሩ መሣሪያዎቹን ጠራ። ሣር ማጨጃዎችም፣ ቅጠል መንፊያዎችም ነበሩበት። ጥፋተኛው የነዳጅ ታንክ ክዳን ነው። ያለ መፍቻ በእጅ እንዲከፈት ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ክዳን ነበር፤ ለተጠቃሚው ምቾት ታስቦ። ነዳጅ ውስጥ የሚቀላቀለው ኢታኖልና ሌላው ቅመም ግን ክዳኑን ያጣምመዋል። የተጣመመ ክዳን በደንብ አይገጥምም፣ ነዳጅ ይፈሳል፣ ሞተሩ ደግሞ አጠገቡ ይግላል። ክዳኑ ላይ የተሠራው ጥፋት የንድፍ ብቻ አይደለም። ዓለም የሚቀዳው ነዳጅ ራሱ ተለውጧል፤ ክዳኑ ከለውጡ ጋር አልተስማማም።

በ2018 ደግሞ ሃርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ መደብር ከ1 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ መጋዞችን ጠራ። ዋጋቸው 50 ዶላር ገደማ የሆነ፣ ለቤት ሥራ የሚገዙ ርካሽ መጋዞች ናቸው። ማጥፊያው ተጭኖ ወደ «ጠፍቷል» ቢመለስም መጋዙ ሊቀጥል ይችላል። ጣቱን ያነሣ ሰው መጋዙ የቆመ ይመስለዋል፤ ሰንሰለቱ ግን ይዞራል። እነዚህ መጋዞች ከ2009 እስከ 2018 ለዘጠኝ ዓመት ያህል ሲሸጡ ኖረዋል። ስለዚህ ጥሪ የአዲስ ሞዴል ጣጣ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። አዲስ ሞዴል ላይ ቶሎ መውጣቱ እንዲያውም ደህና ምልክት ነው። ሰው ተከታትሎታል ማለት ነው።

ፈተናው የማያየው

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አዲስ መጋዝ ከመሸጡ በፊት ይፈተናል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይጣላል፣ ብርድና ሙቀት ይገባበታል፣ ደን ውስጥ ለባለሙያ ተሰጥቶ ይሠራበታል። በአውሮፓ ሕግ የሰንሰለት መጋዝ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ማሽኖች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ማረጋገጫው ከሌሎች ማሽኖች ይጠብቃል። ታዲያ ይህ ሁሉ አልፎ ጉድለቱ እንዴት ያመልጣል?

በቁጥር ቢታይ ይቀላል። ከ5,000 መጋዝ አንዱ ላይ ብቻ የሚከሰት ጉድለት አለ እንበል። ፋብሪካው 100 መጋዝ ወስዶ አብጠርጥሮ ቢፈትን፣ ጉድለቱን የማግኘት ዕድሉ ከመቶ ሁለት ነው። ከመቶ 98ቱ ዕድል ሁሉም መጋዝ በሰላም ያልፋል፣ መሐንዲሶቹም እጅ ተጨባብጠው ይለያያሉ። አሁን 50,000 መጋዝ ተሸጠ እንበል። ያ ጉድለት ወደ አሥር ሰዎች እጅ ገባ ማለት ነው። መቶ መጋዝ ያላሳየውን ገበያው ያሳያል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የቁጥር ጉዳይ ነው። ደስ የማይለው የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሳያውቁት የፈተናው አካል መሆናቸው ነው። እኔ በበኩሌ ሥራዬ በመጋዝ ቢሆን ኖሮ አዲስ ሞዴል በወጣ በመጀመሪያው ዓመት አልገዛም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ለፈተና የሚቀርበው መጋዝና ኋላ የሚሸጠው አንድ አለመሆናቸው ነው። ናሙናው በጥንቃቄ፣ ብዙ ጊዜ ልምድ ባለው ሠራተኛ እጅ ይገጣጠማል። ለገበያ የሚሆነው በሺዎች ሲመረት ክፍሎቹ ከተለያዩ አቅራቢዎች ይመጣሉ። አንዱ አቅራቢ አንድ ቀን ብረቱን ከሚገባው በላይ ወይም በታች ያግላል። ሌላው ቀልጦ ሲፈስ ውስጡ አየር የቀረበት ብረት ይልካል። ፍላይዊል እንውሰድ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን አየር የሚነፋው፣ ለካንዴላውም እሳት የሚሰጠውን ማግኔት የያዘው ጎማ ነው። ውስጡ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ቢኖር በእጅ ሲዞር ምንም አይልም። በደቂቃ 13,000 ጊዜ ሲዞር ግን ሊሰባበር ይችላል። ስብርባሪው በጥይት ፍጥነት ባይሆንም፣ ፊቱን የሰጠ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ማሰብ አይከብድም።

ጥሪዎች ብዙ ጊዜ «ከዚህ ሴሪያል ቁጥር እስከዚህ» የሚሉት ለዚህ ነው። የታመመው ሞዴሉ በሙሉ ሳይሆን ከአንድ የምርት ዙር የወጣው ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ያው ስምና ያው ቀለም ያለው መጋዝ ይዞ «የእኔ አልተጠራም» ቢል ልክ ሊሆን ይችላል። የእናንተ አለመጠራቱን ግን ከእሱ አትስሙ። ወሳኙ መጋዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው።

ሌላም አለ። የባለሙያ መጋዝ ውድድር የክብደት ውድድር ነው። ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ሰው ግማሽ ኪሎ ቢቀልለት ማታ ትከሻው ያመሰግነዋል። ስለዚህ መሐንዲሱ ከየቦታው ግራም ይቆነጥራል። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ይሆናል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ ብረት የነበረው ፕላስቲክ ይሆናል። አሮጌው መጋዝ ከባድ ነበር፤ ክብደቱ ግን ስሕተትን ይችል ነበር። አዲሱ ላይ ለስሕተት የተተወው ቦታ ጠባብ ነው።

የ24 ሰዓቱ ሕግ

ጉድለት የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በጥገና ቤት ነው። አንድ መካኒክ በጋራንቲ የመጣ መጋዝ ፈትቶ የተሰበረ ክፍል ያያል። ክፍሉን ለአምራቹ ይልካል። ሌላ ከተማ ያለ መካኒክም ያንኑ ይልካል። ሦስተኛው ሲመጣ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሰው የሴሪያል ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ተቀራራቢ ናቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ሕግ ክፍልም፣ ኢንሹራንስም፣ አለቆችም ይገባሉ። የመጀመሪያው እርምጃ ድምፅ የለውም፤ ሻጮች መደርደሪያ ላይ ያለውን እንዳይሸጡ ይነገራቸዋል። ሱቅ ገብታችሁ አዲሱ መጋዝ ተቀምጦ «ለጊዜው አንሸጥም» ከተባላችሁ፣ የሆነ ነገር እየመጣ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ይህን የሚከታተለው የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ነው። በ1972 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። አምራች፣ አስመጪ ወይም ሻጭ ዕቃው ከባድ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ጉድለት እንዳለበት የሚያሳይ መረጃ ሲያገኝ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኮሚሽኑ ማሳወቅ አለበት። እርግጠኛ ካልሆነ የሚያጣራበት ጊዜ አለው፤ በመደበኛው ከ10 የሥራ ቀን ማለፍ የለበትም። «እስኪ ሌላ ሰው ይጎዳና እናያለን» የሚባል ነገር የለም።

ያም ሆኖ አንዳንዱ ይሞክራል። መጋዝ ባይሆንም ትምህርት የሚሰጠው የግሪ ጉዳይ ነው። ግሪ የቤት እርጥበት መምጠጫ የሚሠራ የቻይና ኩባንያ ነው። ማሽኖቹ እሳት እየያዙ መሆናቸውን እያወቀ ሪፖርቱን አዘገየ። በ2021 ጥፋቱን አምኖ በድምሩ 91 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ቅርንጫፉ ሁለት ኃላፊዎች ሪፖርት ባለማድረጋቸው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። በዚያ ሕግ ግለሰቦች በወንጀል ሲፈረድባቸው የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ «ትንሽ እንጠብቅ» የሚል አለቃ ስለ ራሱም ያስባል።

ቶሎ ለሚናገር ደግሞ ማባበያ አለ። አምራቹ ጉድለቱን ራሱ አሳውቆ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ጥሪውን ከጀመረ፣ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች «ይህ ዕቃ አደገኛ ነው» የሚል የመጀመሪያ ውሳኔ አይጽፉበትም። ኋላ ክስ ቢመጣ ለጠበቆች ያ ወረቀት አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ለተጠቃሚውም ጥሪው ቶሎ ይደርሰዋል። እኔ ይህን ስምምነት አልጠላውም። አንዳንዱ ሰው ለአምራቹ ያደላ ነው ይላል፤ ግን ወረቀት ላይ ከሚያሸንፍ ክርክር በፊት መጋዙ ከሰው እጅ ቢወጣ ይሻላል።

ስለ አጻጻፉም አንድ ነገር ላንሣ። የአሜሪካ መግለጫዎች ውስጥ «በፈቃደኝነት» የሚለው ቃል አይጠፋም። ኩባንያው በፈቃዱ ጠርቷል ይባላል። በሕግ ቋንቋ ልክ ነው፤ ትእዛዝ አልወጣበትም። አንባቢው ግን «እንግዲያው ያን ያህል አይደለም» ብሎ ይረዳዋል። አውሮፓውያን ይህን አይተው ሕግ አወጡበት። ከታኅሣሥ 13 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የምርት ደኅንነት ደንብ፣ የጥሪ ማስታወቂያ አደጋውን የሚያቃልል ነገር እንዳይዝ ይላል። «በፈቃደኝነት»፣ «ለጥንቃቄ ያህል»፣ «አልፎ አልፎ ብቻ» የሚሉት አይፈቀዱም። «እስካሁን የተጎዳ የለም» ማለትም እንዲሁ። ማስታወቂያው ላይ የዕቃው ሥዕል፣ የአደጋው ዓይነት፣ ምን መደረግ እንዳለበት በግልጽ መጻፍ አለበት። ለሸማቹም ከጥገና፣ ከቅያሪና ከገንዘብ ተመላሽ ቢያንስ ሁለት ምርጫ እንዲሰጠው ይደነግጋል፤ የማይቻልበት ሁኔታ ካልገጠመ በቀር። ደንቡ የሸማች ዕቃን ይመለከታል። የባለሙያ መጋዝም ማንም ገብቶ በሚገዛበት ሱቅ ሲሸጥ ሸማች እጅ ይገባልና ነገሩ አይለያይም።

መቶ ሰው ቢጠራ ስንቱ ይመጣል?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ መጋዙን የያዘውን ሰው ማግኘት ነው። የአሜሪካው ኮሚሽን በ2017 ያቀረበው አሃዝ ይህን በደንብ ያሳያል። ከ2013 እስከ 2016 ባሉት የበጀት ዓመታት ከተጠሩ ዕቃዎች 65 በመቶ ያህሉ ተስተካክለዋል ወይም ተመልሰዋል። ደህና ይመስላል። ነገር ግን ይህ መጋዘንና ሱቅ ውስጥ የነበረውንም ይጨምራል፤ እሱን መሰብሰብ አይከብድም። ሰው እጅ ከገባው ብቻ ሲቆጠር ግን የተስተካከለው 6 በመቶ ገደማ ነው። ከመቶው ሰው 94ቱ ወይ አልሰማም፣ ወይ ሰምቶ ችላ ብሏል።

ለምን? የመጀመሪያው ምክንያት አምራቹ ገዢውን አለማወቁ ነው። መኪና ቢሆን ታርጋ አለው፣ ሊብሬ አለው፣ ባለቤቱ ይታወቃል። መጋዝ ግን በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፣ ሳጥኑ ይጣላል፣ የምዝገባ ካርዱም አብሮት። ካርዱን የማስታወቂያ ማጥመጃ አድርገን ነው የምናየው፤ ብዙ ኩባንያዎችም ስማችንን ለዚያ ስለተጠቀሙበት ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ሥራ ነው። በመጋዙ እንጀራ የሚበላ ሰው መጋዙን ለጥገና አስገብቶ ሳምንት መቀመጥ አይችልም። ደኅንነቱን ስለናቀ አይደለም፤ የቀን ገቢው ነው። ጥሪ የሚያወጣ ኩባንያ የምር ከሆነ ምትክ መጋዝ በውሰት ይሰጣል።

ሦስተኛው ያገለገለ ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ውጭ ያሉ አንባቢዎቼ ጆሮ ይስጡኝ። አሜሪካ ውስጥ በጋራዥ ሽያጭ፣ በፌስቡክ ገበያ፣ በጨረታ ጥሩ ጥሩ መጋዝ በርካሽ ይገኛል። አንዳንዱ ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። ከ2008 ወዲህ በአሜሪካ ሕግ ጥሪ የወጣበትን ዕቃ ሳያስተካክሉ መሸጥ የተከለከለ ነው፤ ግለሰብም ቢሆን። የሚሸጠው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም፣ ገዢውም አይጠይቅም።

ያው ሕግ ጥሪ የወጣበትን ዕቃ ለሽያጭ ወደ ውጭ አገር መላክንም ይከለክላል። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ብዙ ሰው አላገኘሁም። ኮንቴይነር የሚልክ ሰው በውስጡ ማቀዝቀዣ፣ ጄኔሬተር፣ መጋዝ ይጭናል። ዘመድ ይሠራበት ብሎ በስጦታ የሚልከው ሕጉ ባይነካውም መጋዙ ያው መጋዝ ነው። ለወንድም የተላከ መጋዝ ፍሬን ከሌለው ስጦታ ነው ማለት ይከብዳል። ከመጫናችሁ በፊት የሞዴሉን ስምና ሴሪያል ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ። ደቂቃዎች ነው የሚወስደው።

አገር ቤትስ? ባሕር ዛፍ የሚቆርጠው፣ ጣውላ የሚያወጣው ሰው የያዘው መጋዝ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት እጅ አልፎ የመጣ ነው። ጥሪው በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ወጥቶ፣ በኢሜል ተልኮ፣ ለመጀመሪያው ገዢ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ደግሞ መጋዙን ከሸጠው ቆይቷል። ከወኪል የተገዛ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው፤ ወኪሉ ከአምራቹ ጋር ይጻጻፋል፣ መለዋወጫውንም ያስመጣል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በገዛው ዕቃ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። መብቱን ለመጠቀም ግን ከማን እንደተገዛ ማሳየት ግድ ነው። ያለ ደረሰኝ ከመንገድ የተገዛ መጋዝ ላይ አዋጁን መጥቀስ ብዙም አያራምድም።

የተጠራ መጋዝ እጃችሁ ላይ ከተገኘ ደግሞ እንዲህ ነው። አታስነሱት። የባትሪ ከሆነ ባትሪውን አውጡ፣ የነዳጅ ከሆነ ታንኩን አራግፉና ካንዴላውን ንቀሉ። «እስኪ ይህችን ዛፍ ልጨርስ» የሚባለው ነው ሰው የሚጎዳው። ለሠፈር መካኒክ ሰጥታችሁ «አስተካክልልኝ» አትበሉ፤ እሱ ጎበዝ ቢሆንም አዲሱ ክፍል ከፋብሪካው ነው የሚመጣው። ክፍሉ ከተቀየረ በኋላ መቀየሩን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉና አስቀምጡ፤ ቀን መጥቶ ስትሸጡት ገዢው ያንን ነው የሚፈልገው።

ያገለገለ መጋዝ ልትገዙ ከሆነም በመጀመሪያ ሴሪያል ቁጥሩን ፈልጉ። ተፍቆ ወይም ተነቅሎ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢማርክ ጥላችሁ ሂዱ። ቁጥሩ ካለ ባለቤቱ እንዲያስነሣው ጠይቁ። ነዳጅ ሳይሰጠው ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ከዞረ ፍሪሲዮኑ ወይም ካርቡራተሩ ላይ ነገር አለ። ቀጥሎ መሬት ላይ አስደግፎ የእጅ መከላከያውን ወደ ፊት ይግፋውና ለአፍታ ነዳጅ ይስጠው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰንሰለቱ መንቀሳቀስ የለበትም። አንዳንድ ሠራተኛ «ሥራ ያደናቅፈኛል» ብሎ ፍሬኑን ነቅሎ ይጥለዋል፤ እንዲህ ዓይነቱን መጋዝ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ጋር ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም። ፈተናውን ያለፈ መጋዝ ላይም ቁጥሩን ማጣራት አይቀርም። ዛሬ ፊታችሁ የሠራው ፍሬን ጥሪ የወጣበት ከሆነ፣ ነገ መሥራቱን አምራቹ ራሱ አያረጋግጥላችሁም።